ሦስት ፊርማ

ስሙኝማ! ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ አይደለም። ፋብሪካ ሲዘጋ መንግሥት ለሠራተኛው ስለገባው ቃል ነው፤ ቃሉ እንዴት እንደተሰጠ፣ ለማን እንደደረሰ፣ በኋላም ማንም ሳይጮህ እንዴት እንደቀረ። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ የተፈጸመው በእነሱ ፎርምና በእነሱ ቀን መቁጠሪያ ነውና።

አገሩ ሬይኖልድስበርግ፣ ኦሃዮ ይባላል። ከኮሎምበስ መሀል ከተማ ኢስት ሜይንን ይዛችሁ ወደ ፀሐይ መውጫ ስትነዱ፣ ቤክስሊንና ዋይትሆልን አልፋችሁ የምትገቡባት ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ 41 ሺህ ያህል ሰው ተገኝቶባታል፤ መሬቷ ግን አንድ ካውንቲ አልበቃት ብሎ ፍራንክሊን፣ ሊኪንግና ፌርፊልድ የሚባሉ ሦስት ካውንቲዎችን ረግጧል። የእኛ ሰው አለ፤ ሶማሌው አለ፤ ከኔፓል የስደተኛ ካምፕ የመጣው የቡታን ሰው አለ። በክረምት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የመኪናውን መስታወት በረዶ ሲፍቅ የምታዩት ሰው፣ ወይ ዌርሃውስ የሚገባ ነው ወይ ነርሲንግ ሆም።

ከተማዋ ራሷን የቲማቲም ትውልድ ቦታ ትላለች። ሳቁ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። አሌክሳንደር ሊቪንግስተን የሚባል ዘር አዳቃይ እዚሁ ሆኖ ሲለፋ ኖሮ በ1870 ፓራጎን የተባለውን፣ ቆዳው የለሰለሰና ቅርፁ ያማረ ቲማቲም ለገበያ አወጣ። ታዲያ ቲማቲም ገና ገበያ ከመልመዱ ከቀረጥ ጋር ተያዘ። በ1883 የወጣው ሕግ ከውጭ የሚገባ አትክልት ቀረጥ ይክፈል፣ ፍራፍሬ ግን በነፃ ይግባ አለ። የኒውዮርክ አስመጪዎች ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገቱና በ1893 ተረቱ። ቀረጥ የነካው ነገር ሁሉ መጨረሻው ክርክር ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ዛሬ ሬይኖልድስበርግ በቲማቲም አትኖርም። ቪክቶሪያስ ሲክሬት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚችው ከተማ ነው። ኩባንያውን በ1982 የገዛው፣ ሌስ ዌክስነር በ1963 በዚያው በኮሎምበስ አካባቢ በአንዲት ሱቅ የጀመረው ሊሚትድ ነበር። ልብሱ እዚህ ይታሰባል፣ እዚህ ይታዘዛል፤ የሚሰፋው ግን ስሪ ላንካና ቬትናም ነው። ስለዚህ የውጭ ንግድ ለዚህች ከተማ ክፉ ነው ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ፤ ስንቱ ቤት የተከፈለው በእሱ ነው። ከዚያው ሠፈር ደግሞ በዚሁ በውጭ ንግድ ምክንያት ሳጥኑን ይዞ ከፋብሪካ የወጣ ሰው አለ። የትረካችን ባለቤት እሱ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። በኦክቶበር 1962 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የንግድ ማስፋፊያ ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ከሌሎች አገሮች ጋር ተደራድረው ቀረጥ እንዲቀንሱ ሥልጣን ይሰጣል። ቀረጥ ሲቀንስ የውጭ ዕቃ ይገባል፣ የውጭ ዕቃ ሲገባ የሚዘጋ ፋብሪካ ይኖራል፤ ይህን ኬኔዲም ያውቃሉ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱም ያውቃሉ። ስለዚህ መደራደሪያ ቀረበ፤ አገሩ በሙሉ ከንግዱ ካተረፈ ኪሳራውን ጥቂት ሰው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፣ ሥራውን ላጣ ገንዘብም ሥልጠናም ይሰጠው ተባለ። ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ የተባለው፣ ሰዉ ቲኤኤ እያለ የሚያሳጥረው ነገር የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

ተወለደ እንጂ አልሄደም። ሠራተኛው ሥራውን ያጣው በዋናነት ቀረጥ በመቀነሱ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት፤ ይህን ደግሞ ማን ያስረዳል? ማመልከቻ ይገባል፣ ማመልከቻ ይወድቃል። እስከ ኖቬምበር 1969 ድረስ አንድም ሠራተኛ አልተፈቀደለትም። ሰባት ዓመት! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው። የሠራተኛ ማኅበራቱ ሰዎች ነገሩን የቀብር መድን እያሉ ያሾፉበት ጀመር። እኛ ብንሆን ዕድር እንለው ነበር። ግን በዕድር ልማድ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል እንጂ ሟቹ በምን እንደሞተ ማስረጃ አምጡ አይባልም። ይህኛው ዕድር ቤተሰቡን «መጀመሪያ ገዳዩ የውጭ ዕቃ መሆኑን አስረዱ» ይል ነበር።

በ1974 ሕጉ ላላ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ዕቃ ለመባረሩ «ጉልህ አስተዋጽኦ» ካደረገ በቂ ሆነ። በሩ ሲከፈት ሰው ጎረፈ፤ የጃፓን መኪና ዲትሮይትን ባናወጠበት በ1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ ገንዘቡን ወሰደ፣ ወጪውም 1.6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በዓመቱ ሬገን መጡና መቀሱን አነሡ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንዴ እየሰፋ አንዴ እየጠበበ ሄደ ብለን እንለፈው፤ ሥልጠና ካልገባህ ገንዘብ የለም የተባለው በ1988 ነው፣ ለጤና መድንና ለደመወዝ ማካካሻ በሩ የተከፈተው በ2002 ነው፣ የፋብሪካ ብቻ ሳይሆን የቢሮና የስልክ ሠራተኛም ይግባ የተባለው በ2009 ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 5 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኛ ይገባዋል ተብሎ ተወስኖለታል።

ኦሃዮ ከዚህ መዝገብ ውስጥ ድርሻዋ ብዙ ነው። የሃፊ ብስክሌት ፋብሪካ ሴላይና ላይ በ1998 ተዘጋ። ብራያን በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራ የነበረው፣ ሁለት ቁልፍ እያዞሩ የሚሥሉበት ቀዩ የልጆች መጫወቻ፣ ኤች-ኤ-ስኬች፣ በ2000 ማለቂያ ላይ ወደ ቻይና ሄደ። ኖርዝ ካንተን የሁቨርን መጥረጊያ በ2007 ተሰናበተች፤ ሎርድስታውን የጂኤምን የመጨረሻ መኪና በማርች 2019 አወጣች። ኮሎምበስም የራሷ አላት። ጆርጅስቪል ሮድ ላይ ከ1946 ጀምሮ የመኪና በር መቆለፊያና ማጠፊያ የሚሠራ የጂኤም ፋብሪካ ነበረ፤ ኋላ ዴልፋይ ተባለ። ዴልፋይ በኦክቶበር 2005 ኪሣራ አወጀ፣ ፋብሪካው በ2007 ተዘጋ፣ ሕንፃው ፈረሰ። ዛሬ እዚያ ብትሄዱ የምታገኙት በ2012 የተከፈተውን ካሲኖ ነው። ትናንት ሰው በሰዓት ደመወዝ የበር መቆለፊያ ይሠራበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ሌላው ደመወዙን ይዞ ይገባበታል። ይህን ያሰበ ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሕጉን በደረቁ ከማወራላችሁ አንድ ሰው ልፍጠርላችሁ። ሰውየው የእኔ ፈጠራ ናቸው፣ አብረዋቸው የሚመጡትም እንዲሁ፤ የሚገጥማቸው ሕግ ግን የጊዜው ሕግ ነው። ስማቸውን ጋሼ እንበልና እንለፍ። ዓመቱ 2016 ይሁን። ጋሼ 54 ዓመታቸው ነው፤ ኢስት ሜይን አጠገብ ይኖራሉ፤ የመኪና ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ናቸው፣ በሰዓት 22 ዶላር ያገኛሉ። አንድ ሐሙስ ሺፍቱ ሊያልቅ ሲል ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ካፍቴሪያ ሰበሰበና ሥራው ወደ ሜክሲኮ እንደሚዛወር ነገራቸው። ሕጉ እንዲህ ላለ ትልቅ ፋብሪካ 60 ቀን አስቀድመህ አሳውቅ ስለሚል ነው እንጂ እሱም ባይነግራቸው በወደደ።

ጋሼ ለሚስታቸው በሦስተኛው ቀን ነገሩ። እኔ ቶሎ ነው የነገሩት እላለሁ።

በሳምንቱ ጥራት ቁጥጥር ክፍል የምትሠራ አንዲት የእኛው ልጅ በእረፍት ሰዓት ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እዚች ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ምንድን ነው ደግሞ? ኩባንያውን ልትከሺ ነው? እኔ በስተርጅና ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አልንከራተትም ልጄ።»

«ክስ አይደለም ጋሼ። ሥራችን ወደ ውጭ በመሄዱ ነው የተባረርነው ብሎ ለሌበር ዲፓርትመንት ማመልከት ነው። ሦስት ሰው ከፈረመ ለሁሉም ይሆናል።»

«ላልፈረመውም?»

«ላልፈረመውም። አምና ለወጡትም።»

«ለነዚያ በኤጀንሲ ለሚመጡትስ? ባጃቸው ሌላ ነው እኮ።»

«እዚሁ ግቢ፣ በዚሁ ሱፐርቫይዘር ሥር እስከሠሩ ድረስ እነሱም ይገባሉ።»

ጋሼ ወረቀቱን እያገላበጡ አዩት። ስም፣ አድራሻ፣ የተባረሩበት ቀን፣ ኩባንያው ምን እንደሚያመርት። ጠበቃ አያስፈልገውም፣ ገንዘብ አይከፈልበትም። ፈረሙ። ሦስተኛውን ፊርማ ከቀለም ክፍል የመጣው ኔፓሊኛ ተናጋሪ ጎረቤታቸው አኖረ፤ እሱ እንኳ ምን እንደሆነ አልጠየቀም፣ ጋሼ የፈረሙበትን አይቶ ነው የፈረመው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህን ሕግ ከወደድኩለት ነገር ዋናው ይህ ነውና። በጊዜው ሕግ ማኅበር ወይም ክፍለ ግዛቱ ሊያመለክት ይችላል፣ ኩባንያው ራሱ ሊያመለክት ይችላል፤ ግን ማኅበር የሌለው፣ አለቃው የማይረዳው ሠራተኛም ሁለት ጓደኛ ካገኘ ይበቃዋል። ሦስቱ የፈረሙበት ማመልከቻ ዋሽንግተን ሲደርስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መርማሪው ኩባንያውን የሽያጭና የምርት መዝገብ ይጠይቃል፣ ሲያስፈልግም ደንበኞቹን ከማን ነው የምትገዙት ይላል። በሕጉ 40 ቀን አለው። ከተፈቀደ ማመልከቻው ከመፈረሙ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ፣ ውሳኔው ከተሰጠ እስከ ሁለት ዓመት በኋላ ድረስ የተባረረውን ሁሉ ይሸፍናል። ከተከለከለ ኒውዮርክ ወዳለው የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እዚያ የተሰሙት ክርክሮች ራሳቸው ትረካ ናቸው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸው ወደ ውጭ ሲሄድ ሌበር ዲፓርትመንት፣ ፕሮግራሙ በዲስክ ላይ ካልተቀረጸ ዕቃ አይደለም፣ ዕቃ ካልሆነ አይመለከታችሁም ይላቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ እየደጋገመ ከገሠጸው በኋላ ነው በ2006 ከአቋሙ የተመለሰው። የቲማቲሙን ክርክር ያስታወሰ ሰው አይገርመውም።

የጋሼ ፋብሪካ ማመልከቻ ተፈቀደ። ታዲያ መፈቀዱና ሰው እጅ መድረሱ ሁለት ነገር ነው። የኦሃዮ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ስም ከኩባንያው ወስዶ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደማንኛውም የመንግሥት ደብዳቤ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዋናውን ነገር አያወራም። ጋሼ ከፒዛ ማስታወቂያና ከመኪና ኢንሹራንስ ወረቀት ጋር ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡት። እዚያ ይቀር ነበር። ልጅቷ ደውላ ባትጠይቅ፣ ከውሳኔው ወይም ከተባረሩበት ቀን ከኋለኛው ጀምሮ በ26 ሳምንት ውስጥ ለሥልጠና መመዝገብ ወይም ከሥልጠናው ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ መያዝ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ቀኑ ካለፈ ሳምንታዊው ገንዘብ አለፈ። በ2002ቱ ሕግማ ከውሳኔው 8 ሳምንት፣ ከተባረሩበት 16 ሳምንት ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ስንቱ ሰው በዚያ እንደተቆረጠ አስቡት።

ለጋሼ ሁለት መንገድ ቀረበላቸው። አንደኛው ሥልጠና ነው። የትምህርቱን ይከፍሉላቸዋል፤ አንኢምፕሎይመንቱ፣ ማለትም የሥራ አጥ ክፍያው፣ ሲያልቅ በዚያው ልክ ሳምንታዊ ገንዘብ ይቀጥልላቸዋል። ሙሉ ጊዜ ተምሮ ሁሉንም ደረጃ ላሟላ ሰው ከአንኢምፕሎይመንቱ ጋር እስከ 130 ሳምንት ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዕድሜያቸው 50 ለሞላ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ደመወዙ ያነሰ ሥራ ከያዙ የልዩነቱን ግማሽ መንግሥት ይሞላላቸዋል፣ አዲሱ ገቢ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር ካልበለጠ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 10 ሺህ ዶላር። ጋሼ በቡና ሰዓት በናፕኪን ላይ አሰሉት። ድሮ በሰዓት 22፣ ዌርሃውስ ቢገቡ 16። በዓመት ልዩነቱ 12,480 ዶላር፣ ግማሹ 6,240። በሁለት ዓመት 12,480 ሊሆን ሲል 10 ሺህ ላይ ይቆማል። ከዚያስ? ከዚያማ በ56 ዓመታቸው የ16 ዶላር ሰው ሆነው ይቀራሉ።

ሲዲኤል መረጡ። የእኛ ሰው አሜሪካ ውስጥ ከሥራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስባት የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ናት፤ ቀልድም አለው ስለሷ። መንዳቱ አይደለም የከበዳቸው፤ ሸኖና ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው። የከበዳቸው ከመንዳት በፊት ያለው ፍተሻ ነው፤ መኪናውን እየዞሩ እያንዳንዱን ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙን እየጠሩ፣ አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፣ አያፈስም ማለት። የአየር ፍሬኑ ደግሞ ለብቻው ፀሎት ነው። ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ቁልፉን ትመልሳለህ፣ ፍሬኑን ረግጠህ ለአንድ ደቂቃ ትይዛለህ፤ ተሳቢ ያለው መኪና በዚያች ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ በላይ አየር ከጠፋው ወደቀ። ይህን ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም እየተናገርክ ነው። ጋሼ ማታ ማታ ሚስታቸውን ፈታኝ አድርገው ሳሎን ውስጥ በሶፋው ዙሪያ እየዞሩ ተለማመዱ። ሚስትየዋም ቃሉን ሁሉ ሸመደደችው።

ኔፓሊኛ ተናጋሪው ጎረቤት ግን ረጅሙን መንገድ ሄደ። ሕጉ እንግሊዝኛን እንደ መሠረታዊ ትምህርት ስለሚቆጥር መጀመሪያ ቋንቋ ተማረ፣ ከዚያ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና። አንብቦ የማይገባውን ወረቀት በእምነት የፈረመው ሰው ከሁሉ ይበልጥ ያተረፈው እሱ ሆነ። ልጅቷ ምንም አልወሰደችም፤ በወሩ የኢንሹራንስ ኩባንያ የስልክ አገልግሎት ውስጥ ሥራ አገኘችና ገባች። ልጅቷን አትርሷት።

እውን ይሠራ ነበር ወይ ይህ ነገር? ምሁራኑ ተከራክረውበታል። በ2012 ለመንግሥት የቀረበው ትልቁ ግምገማ አሳዘነ፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የቲኤኤ ተጠቃሚዎች ካልተጠቀሙት ያነሰ ገቢ ነበራቸው፤ እርግጥ ተማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ያን ጊዜ አይሠራም። በ2018 ግን ቤንጃሚን ሃይማን የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። ማኅደሮቹ ለመርማሪዎች የሚታደሉት እንደ ዕጣ ነው፤ አንዱ መርማሪ እጁ የላላ፣ ሌላው የጠበቀ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ሠራተኞችን በደረሳቸው መርማሪ ምክንያት ብቻ የተፈቀደላቸውንና የተከለከሉትን አነጻጸረ። የተፈቀደላቸው በአሥር ዓመት ውስጥ 50 ሺህ ዶላር ያህል አብልጠው አገኙ፤ ብልጫው እየቀነሰ ሄዶ በአሥረኛው ዓመት ቢጠፋም። እኔን ያስደነቀኝ ከገንዘቡ ይልቅ መንገዱ ነው፤ የአንድ ሰው አሥር ዓመት ማኅደሩ የደረሰው ጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። የቻይና ዕቃ ያናወጣቸውን አካባቢዎች ያጠኑት ዴቪድ ኦተርና ባልደረቦቹ ደግሞ ሌላ አገኙ፤ በእነዚያ ቦታዎች የአካል ጉዳት ጡረታ ክፍያ ከቲኤኤ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሰዉ ለእሱ የተሠራለትን በር ሳያገኝ በሌላ በር ገባ።

አሁን ቃሉ ወደቀረበት ደረስን። ቲኤኤ በራሱ እግር ቆሞ አያውቅም። ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ የንግድ ስምምነት የመደራደር ሥልጣን በሰጠ ቁጥር፣ የሠራተኛው ወገን እንዲፈርም የሚከፈል ዋጋ ነበረ፤ በ1962 እንዲህ፣ በ1974 እንዲህ፣ በ2002 እንዲህ፣ በ2015 እንዲሁ። ኋላ ሁለቱም ፓርቲዎች ከአዲስ የንግድ ስምምነት ፊታቸውን አዞሩ። የድርድር ሥልጣኑ በ2021 አጋማሽ ላይ አበቃ፤ አዳሽም አልተገኘም። ስምምነት የማይፈልግ ሰው ለስምምነት ዋጋ አይከፍልምና ጁላይ 1 ቀን 2021 ሕጉ ወደ ጠባቡ ይዞታው ተመለሰ፣ የቢሮ ሠራተኞች እንደገና ከበር ውጭ ቀሩ። በዓመቱ፣ ጁላይ 1 ቀን 2022፣ ጭራሹን ቆመ። ቀድሞ የተፈቀደለት ድርሻውን ይጨርሳል፤ አዲስ ማመልከቻ ግን መመርመር አይቻልም።

ዘመኑን ደግሞ እዩት። ከ2018 ጀምሮ በብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ እየተባለ የቀረጥ ጦርነት ተከፍቶ፣ ስለ ሠራተኛው የማይምል ፖለቲከኛ ጠፍቶ ነበር። ሠራተኛው ስሙ በየመድረኩ እየተጠራ ድንኳኑ ግን ተነቀለ። በዚያ ላይ ቲኤኤ በሕይወት ሳለም የሚያውቀው የውጭ ዕቃ መግባትንና የሥራ ወደ ውጭ መሄድን ነበር፤ ብረት በቀረጥ ተወድዶ ፋብሪካው የዘጋበትን ሠራተኛ ሕጉ የውጭ ንግድ ሰለባ ብሎ አይቆጥረውም።

ቲኤኤ በቆመበት ዓመት የእኛ አገር በርም ተዘጋ። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ እንዲሸጡ በ2000 የሰጠችውን አጎዋ፣ በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከኢትዮጵያ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 አነሣች። በ2016 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው ይህን ገበያ አስቦ ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ውሳኔው ሥራ ላይ እስኪውል እንኳ አልጠበቀም፤ በኖቬምበር 2021 እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከማሽኑ ኋላ ተቀምጠው የነበሩት አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር ብሎ ነበር የዘገበው፤ ከዓለም የልብስ ፋብሪካዎች የመጨረሻው።

የእነዚህ ልጆች ሥራ የጠፋው በውጭ ንግድ ውሳኔ መሆኑን ማስረጃ አምጡ የሚል አይኖርም፤ ውሳኔው በዋይት ሃውስ ወረቀት ላይ ታትሟል። ግን ሦስት ሆነው የሚፈርሙበት ፎርም የለም። የሥራ አጥነት መድን የሚባል ሥርዓትም የለንም። ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ ድርጅቱ ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለሁለተኛው የአንድ ሦስተኛው ማለትም የ10 ቀን፣ በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይገባታል። 100 ቀን። በዚያ መነሻ ደመወዝ ስታሰሉት 90 ዶላር አይሞላም፤ እሱንም የሚከፍለው እየወጣ ያለው አሠሪ ነው። እናም ጋሼን ያመጣሁላችሁ አሜሪካ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ለማለት አይደለም። የኦሃዮው ሠራተኛም የሀዋሳዋ ልጅም ዕጣ የተጣለው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱም በሮች የተዘጉት በስድስት ወር ልዩነት ነው።

ጋሼን ወዳስፈረመችው ልጅ እንመለስ። በ2023 የኢንሹራንስ ኩባንያው የስልክ ሥራውን ወደ ፊሊፒንስ አዛወረው። ልጅቷ ይህን መንገድ ታውቀዋለች። ፎርሙን አወጣች፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ሁለት ፊርማ ለቀመች፣ የራሷን ጨመረች። በዚያው ቀን ለጋሼ ደወለች፤ እሳቸው ኢንዲያና ውስጥ አይ-70 ላይ ነበሩ።

«እንደ ድሮው ነው አይደል፣ በ40 ቀን ይመልሱልሻል?» አሏት።

«ፎርሙን ይቀበላሉ ጋሼ። አይመረምሩትም።»

«እንዴት ነው የሚቀበሉት ታዲያ?»

እሷም አታውቅም። በማግስቱ 1111 ኢስት ብሮድ ወደሚገኘው የኦሃዮ ሚንስ ጆብስ ቢሮ ሄደች። እዚያ ያለው የሥልጠና ገንዘብ ለምን ተባረርሽ ብሎ አይመራመርም፤ ይህ ደግነቱ ነው። በሌላ በኩል በጀቱ የተቆጠረ ነው፣ ኪራይና ቀለብ እየቻለ ሁለት ዓመት ተኩል የሚያስቀምጥ ሳምንታዊ ክፍያ የለውም። ልጅቷ ነርስ መሆን ነበር የፈለገችው፤ አርኤን፣ ሁለት ዓመት የሚወስደውን። ሁለት ልጅ አላት፣ አንኢምፕሎይመንቷ ደግሞ ቢበዛ 26 ሳምንት ነው። ቀን እየቆጠሩ ሒሳቡን አብረው አዩት። ኤስቲኤንኤ በሚባለው የነርስ ረዳት ሥልጠና ላይ ተመዘገበች፤ እሱ 75 ሰዓት ነው፣ በወሩ ነርሲንግ ሆም ያስገባል።